ኢያጎና ኦቴሎ በልምምድ ክፍል

ትወና የሚማር ሰው ድምፁን ያሠለጥናል፣ ትንፋሹን መቆጣጠር ይለምዳል፣ ብቻውን ቆሞ መነባንብ ያቀርባል። ተዋናይነቱ የሚለየው ግን የሁለት ሰው ትዕይንት የተሰጠው ዕለት ነው። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። አጃቢ የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ ብዙ ጊዜ መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ብቻ ይኖራል። ቃል የጠፋው እንደሆነ ክፍተቱን የሚሸፍንለት ሦስተኛ ሰው አይኖርም። በትምህርት ክፍላችን ተማሪው ሁሉ የሚፈራው ፈተና ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው።

ሁለት ሰው ማቆም በቴአትር ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር። በጥንቷ ግሪክ መጀመሪያ ላይ ከመዘምራኑ ጋር የሚቆመው ተዋናይ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን የጨመረው አይስኪለስ፣ ሦስተኛውን ያመጣው ሶፎክልስ እንደሆነ አርስጣጣሊስ ጽፏል። አንዱ ተዋናይ ይተርክ ነበር፣ ለመዘምራኑም ይመልስ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ፊት ለፊቱ እንደሱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚዋሽ፣ የሚለምን፣ እምቢ የሚል ሰው አገኘ። እንደኔ እምነት ድራማ የተወለደው ያኔ ነው።

ለእኔና ለጓደኛዬ የደረሰን ከሼክስፒር ኦቴሎ፣ ከገቢር 3 ትዕይንት 3፣ ኦቴሎና ኢያጎ ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ክፍል ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1604 ለንደን ውስጥ በቤተ መንግሥት እንደታየ ተመዝግቧል። ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ሎሬቱ ሀምሌትንና ማክቤዝንም ተርጉሟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነው። የትርጉሙ ቋንቋ ለተዋናይ ከባድ ፈተና ነው። እንደ ግጥም ስለሚያምር ተዋናዩ ጓደኛውን ረስቶ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሊያነበንበው ይዳዳዋል። ያን ጊዜ ግጥሙ ይሰማል፤ ትዕይንቱ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢያጎ የጦር አዛዡን ኦቴሎን፣ ሚስቱ ዴዝዴሞና ከምክትሉ ከካሲዮ ጋር ትወሰልታለች ብሎ ሊያሳምነው ይፈልጋል። ትዕይንቱ ሲጀምር በእጁ አንድም ማስረጃ የለም። ሲያልቅ ኦቴሎ ሚስቱን ለመግደል ቆርጧል፣ ኢያጎን በካሲዮ ቦታ ምክትሉ አድርጎ ሾሟል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በንግግር ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የሌለው።

ልምምዱ የተጀመረው በጠረጴዛ ዙሪያ በንባብ ነበር። መምህራችን ቃለ ተውኔቱን ቤት ወስደን በቃላችን እንዳንይዝ ከለከሉን። ለብቻው ተቀምጦ በቃሉ የያዘ ተዋናይ ከቃሉ ጋር ዜማውንም ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ጓደኛው ቢጮህም ቢያንሾካሹክም እሱ ያንኑ ዜማ ይደግማል። በዚያ ፈንታ በእያንዳንዱ አባባል ጎን አንድ ግሥ በእርሳስ እንድንጽፍ አዘዙን፦ ያባብላል፣ ይሸሻል፣ ይለካል፣ ያስፈራራል። ሥሩ የስታኒስላቭስኪ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትርን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ይህ ሩሲያዊ፣ ተዋናይ ስሜቱን ከማሳደድ ይልቅ ገጸ ባሕርይው በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያደርግ እንዲጠይቅ አስተምሯል። ግሥ ሲጻፍ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። «ያዝናል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ «ይለምናል» ብሎ የጻፈ ግን ማንን እንደሚለምን ያውቃል፣ ዓይኑም ወደዚያ ሰው ይሄዳል።

እኔ የያዝኩት ኢያጎን ነው። ኢያጎ ምስጢር አይደብቅም፤ ምስጢር የደበቀ ሰው መስሎ ይታያል። ኦቴሎ ሲጠይቀው የጠየቀውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይሰጠዋል። ይህ ቦታ ገጹ ላይ ምንም አይመስልም። መድረክ ላይ ግን የኢያጎ ድምፅ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ጓደኛዬ ጥያቄውን ባነሳበት ቃና ነው። እሱ በቀልድ ሲጠይቀኝ እኔ ክብደት ጨምሬ እመልሳለሁ፤ ተቆጥቶ ሲጠይቀኝ ፈርቼ እመልሳለሁ። አስቀድሞ የተዘጋጀ ቃና እዚህ ቦታ ላይ ወዲያው ይጋለጣል። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ ሳንተያይ፣ ቃሉን ብቻ የምንለዋወጥበት ልምምድ የጠቀመን ለዚህ ነው፤ ጆሮ ብቻ ሲቀር የትንፋሽ መቆረጥ ሳይቀር ይሰማል።

ከዚያ ሚና ተለዋወጥን። ይህን ታላላቆቹም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1881 አሜሪካዊው ኤድዊን ቡዝና እንግሊዛዊው ሄንሪ ኧርቪንግ በለንደኑ ላይሲየም ቴአትር ኦቴሎንና ኢያጎን እየተፈራረቁ ተጫውተዋል፤ በ1956 ደግሞ ሪቻርድ በርተንና ጆን ኔቪል በኦልድ ቪክ ይህንኑ ደገሙት። ኦቴሎን ሆኜ ስቆም የገባኝ፣ ሰውየው ሞኝ አለመሆኑ ነው። ኢያጎን ታማኝ ብሎ ያምነዋል፤ ታማኝ ሰው ደግሞ ነገር ሲያመነታ ያስፈራል። ይህን ሳያምን ኦቴሎን የሚጫወት ሰው ገና ከመጀመሪያው ተቆጥቶ ይገባና መድረሻ ያጣል።

በመሐል ኦቴሎ ኢያጎን አንቆ ማስረጃ ይጠይቀዋል። ተመልካች የሚያየው አናቂውን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ታናቂው ነው። የጓደኛዬ መዳፍ የሚያርፈው አንገቴ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከደረቴ አጥንት ላይ ነው። የእጁን አንጓ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ የምስበው እኔ ነኝ፤ ወደ ኋላ የምሄደውም፣ የምንበረከከውም፣ መቼ እንደሚበቃ የምወስነውም እኔ ነኝ። እሱ የሚያሳየው በክንዱና በፊቱ ላይ ያለውን ውጥረት ብቻ ነው። በጣም ቀስ ብለን ደጋግመን ሠራነው፤ ፍጥነቱ የመጣው በመጨረሻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «በስሜት ገብቼ ነው» የሚባል ምክንያት ፈጽሞ መቀበል የለበትም።

መሐረቡ ላይም ተከራክረናል። በተውኔቱ የእንጆሪ ጥልፍ ያለበት መሐረብ አለ፤ ዴዝዴሞና ይወድቅባታል፣ የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ትሰጠዋለች፣ ኢያጎ ደግሞ ካሲዮ ጺሙን ሲጠርግበት አየሁ ብሎ ይዋሻል። በእኛ ክፍል መሐረቡ ስለማይታይ ጓደኛዬ አያስፈልግም አለ። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ እንዲኖር ፈለግሁ፤ ውሸቱን ስናገር ጨርቁ ጭኔ ላይ ይሰማኛል፣ እጄም ከኪሴ ይርቃል።

ያሳየነው በትምህርት ክፍሉ ስቱዲዮ፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ነው። ጣሊያናዊው ቶማሶ ሳልቪኒ ኦቴሎን ለመጫወት መጋረጃው ከመከፈቱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይመጣ እንደነበር ስታኒስላቭስኪ ጽፏል፤ እኛም ቀደም ብለን ገብተን መድረኩን በዝምታ ስንዞርበት ቆየን። ኢያጎ ተሰናብቶ ይወጣና ኦቴሎ ብቻውን ሲቀር እንደገና ይመለሳል፤ ነገሩን ለጊዜው ተወው ብሎ ሊለምነው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ከተመልካቹ የእፎይታ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ተመልሼ ስገባ አንዲት ልጅ ከፊት ረድፍ «ኧረ አትስማው!» አለች። ጓደኛዬ ሰምቷታል፤ ወደ እኔ ከመዞሩ በፊት ትንሽ ዘገየ። በልምምድ ያልነበረች መዘግየት ናት። የሚቀጥለውን ቃሌን ከወትሮው ለስለስ አድርጌ እንድናገር ያስገደደችኝም እሷ ናት።

መጨረሻ ላይ ኦቴሎ ተንበርክኮ ይምላል፤ ኢያጎ እንዳይነሳ ይለምነውና አብሮት ይንበረከካል። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተንበረከክሁ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ።

ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ወደ ሀገር ፍቅር ስትሄዱ፣ ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት የቆሙበት ቦታ ሲደርስ፣ ለትንሽ ጊዜ የሚናገረውን ትታችሁ ዝም ያለውን ተመልከቱት። ተራውን የሚጠብቅ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ እየሰማ ከሆነም እንዲሁ።