ተዘግቶም የሚንጠባጠብ ሻወር



ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ ሮቶ እንሞላለን፤ እስከ ቀጣዩ ተራ የምናብቃቃው እሱን ነው። ባለፈው ሴሚስተር እኛ ቤት ለሳምንት ይበቃል ያልነው ሮቶ በአራተኛው ቀን ደረቀና ለሱብሒ ውዱእ የጎረቤት በር አንኳኳን። ውሃችንን የጨረሰው ሻወሩ ነበር። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ሲል “ነገ እናሠራዋለን” እያልን አለፍነው፤ ቆይቶ ቀጭን ክር ሆኖ ይወርድ ጀመር።

ጠብታን መናቅ ቀላል ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በቀን 86,400 ጠብታ ይሆናል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብለን ብናሰላው ከ4 ሊትር ያልፋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃም ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። አንድ ሙድ የመካከለኛ ሰው የሁለት እጅ እፍኝ ሲሆን ወደ ሁለት ሦስተኛ ሊትር ይጠጋል። እንግዲህ ያቺ “ትንሽ” ጠብታ በቀን የስድስት ውዱእ ውሃ ትወስዳለች ማለት ነው።

እኛ ምን አደረግን? ገንዘብ አዋጥተን አዲስ የሻወር ራስ ገዛንና ቀየርን። በማግስቱም ያው ጠብታ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሻወር ራስ ውሃ የሚዘጋበት ምንም ነገር የለውም፤ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውሃውን የሚይዘው ግድግዳው ላይ ያለው መክፈቻና መዝጊያ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ውሃው መቼና ከየት እንደሚወርድ ማየት ነበረብን።

ከዘጋን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ተንጠባጥቦ የሚያቆም ከሆነ ራሱ ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ውሃው ወደ ጎን የሚረጭ ከሆነ ቀዳዳዎቹን ነጭ የኖራ ዝቃጭ ይዟቸዋል። አቼቶ በፌስታል አድርጎ ራሱ ላይ አስሮ ማሳደርና ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ይበቃል። ሻወሩ ሲከፈት ብቻ አንገቱ ጋ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ራሱን ፈትቶ ውስጡ ያለችውን ጎሚኒ ማየት፣ የቱቦውን ጥርስ አጽድቶ አዲስ ቴፍሎን ሦስት አራት ዙር መጠቅለል ነው። ቴፍሎኑ የሚጠቀለለው ራሱ ሲጠብቅ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ስናስገባው ይላቀቃል። ሲጠብቅ በእጅ ከጨረስን በኋላ በመፍቻ ትንሽ መጨመር በቂ ነው። ጉልበት ማሳየት ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።

እንደኛ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚወርድ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመዝጊያው ነው። ሁለት እጀታ ካለው የሞቀውን መስመር ከማሞቂያው ጋ ዘግቶ ማየት ይጠቅማል፤ ጠብታው ካቆመ ችግሩ በሞቀው በኩል ነው። ብዙ ዙር የሚዞር ዓይነት ሲሆን ውስጡ ያለችው ጎሚኒ አልቃ ወይም ደርቃ ይሆናል። በመጀመሪያ የሮቶውን ወይም የቆጣሪውን ቫልቭ እንዘጋለን፣ የቀረውን ውሃ እናፈሳለን፣ የወለሉን ቀዳዳ በጨርቅ እንሸፍናለን (እኛ አንድ ብሎን የሸኘነው በዚያ ነው)። ከዚያ እጀታውን አውልቀን ውስጡን እንፈታና አሮጌዋን ጎሚኒ ይዘን ወደ ሱቅ እንሄዳለን፤ መጠኗን በቃል ከመግለጽ ናሙና ማሳየት ይሻላል። ጎሚኒዋ የምታርፍበት ብረት ከተቦረቦረ አዲሷም ቶሎ ትበላለች፤ ያን ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ መጥራት ይሻላል። በአንድ እጀታ የሚሠራው ዘመናዊው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው የውስጥ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን፦ ራሱ ላይ ውሃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ከሆነ አትፍቱት። ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ቤቱ የሰው ነውና መዝጊያውን ከመፍታታችን በፊት ለባለቤቷ ነገርናቸው። “እኔም የውሃ ሒሳቡ ለምን እንደጨመረ ግራ ገብቶኝ ነበር” ብለው የጎሚኒውን ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ። ማታ ሥራውን ስንጨርስ የቀረው ውሃ እስኪወርድ ጠብቀን ከሻወሩ ስር ደረቅ ባልዲ አስቀመጥን። ለሱብሒ ስንነሳ ባልዲው እንደደረቀ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።