ከጎሬ ወደ መቱ ሲወረድ፦ በተራራማ መንገድ የአማተር ብስክሌት ጉዞ ዝግጅትና የደኅንነት ደንብ

መቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከፍታው ልዩነት ለርቀቱ ሲካፈል አማካይ ተዳፋቱ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ማንኛውንም ጤነኛ ብስክሌተኛ የሚያስጨንቅ አይደለም። ችግሩ አማካይ ቁጥር መንገዱን አለመግለጹ ነው። የኢሉባቦር መንገዶች ወደ ሶርና ወደ ሌሎች የባሮ ገባር ወንዞች የሚፈሱ ሸለቆዎችን ይሻገራሉ። ብስክሌተኛው የወጣውን ከፍታ በቁልቁለት ይከስረዋል፤ ከዚያም ያንኑ ደግሞ ይወጣዋል። ስለዚህ የጉዞው ክብደት የሚለካው በመነሻና በመድረሻ ከፍታ ልዩነት ሳይሆን ሽቅብ የሚሄዱት ክፍሎች ብቻ ተደምረው በሚገኘው ጠቅላላ ከፍታ ነው። ለተሳታፊዎች የሚታደል የመንገድ መግለጫም ይህንን ድምርና እጅግ ቀጥ ያለውን ክፍል ተዳፋት ሊይዝ ይገባል።

ኢትዮጵያ በብስክሌት ስፖርት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሳተፈው ቡድን በጎዳና ውድድር የቡድን ውጤት ዘጠነኛ ሆኖ አጠናቋል፤ ጽጋቡ ገብረማርያምም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁን እንጂ የባለሙያዎች ውድድር ደንብ ለአማተር ጉዞ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በባለሙያዎች ዘንድ መንገዱ ይዘጋል፣ ሐኪም በመኪና ይከተላል፣ ተወዳዳሪውም ቁልቁለትን ለዓመታት ተለማምዷል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አማተሮች የቱር ደ ፍራንስን አንድ ቀን መንገድ የሚጓዙበት ኤታፕ ዱ ቱር እንኳ የሚካሄደው ለተሽከርካሪ በተዘጋ ጎዳና ነው። የመቱ–ጎሬ መንገድ ግን ወደ ጋምቤላ የሚያልፈው ዋና መስመር በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ሊዘጋ አይችልም። በዚህ መስመር የሚዘጋጅ ጉዞ አይሱዙው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁና ከብቱ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ የሚካሄድ መሆኑን ከመነሻው መቀበል አለበት።

የመጀመሪያው የደኅንነት ውሳኔ የቀን ምርጫ ነው። አካባቢው ከአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ሲሆን፣ ዝናቡ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ ሲያባራ የቡና ለቀማ ይደርሳል፤ በዚያ ወቅት የጭነት መኪናው ይበዛል፣ በየመንገዱ ዳርም ሰውና ጆንያ ይሰበሰባል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ሳምንታት ከሁለቱም የራቁ ናቸው። ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ ስለማይገባ ጾመኛ ተሳታፊ ባዶ ሆዱን ዳገት እንዲወጣ አይገደድም፤ ጾመ ነነዌም ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚውል በመሆኑ የሳምንቱን መጨረሻ አይነካም። ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድም በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። ይህ ጉዳይ ከስፖርት ሳይንስ ውጭ የሆነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሳይበላና ሳይጠጣ የሚወጣ ሰው በቁልቁለቱ ላይ የሚያሳየው ንቃት የሌሎችን ደኅንነት ጭምር ይወስናል።

በሰውነት ዝግጅት ረገድ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ የሚጨምር ልምምድ ለጀማሪ በቂ ነው። በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ፣ አንድ የዳገት ልምምድና ሁለት ቀላል ቀናት ይበቃሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት መጠኑ ይቀነሳል። በመቱና በጎሬ የሚኖር ሰው ከፍታውን ለምዶታል። ከጋምቤላ ቆላ የሚመጣ ተሳታፊ ግን የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል በቀነሰበት የጎሬ ከፍታ ላይ የለመደውን ፍጥነት ሊጠብቅ አይገባውም። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጉዞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። በሶ በማር ተበጥብጦ በውኃ መያዣ ቢያዝ ይህንን መጠን ያለ ምንም የውጭ ምርት ያሟላል፤ ማር ደግሞ በኢሉባቦር የሚቸግር ነገር አይደለም።

ብስክሌቱ ከሰውነቱ ይልቅ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። ማርሽ የሌለው ተራ ብስክሌት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ጊዜ የሚዞር ከሆነ በአንድ ዙር ከአምስት ሜትር በላይ ይሄዳል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው በደቂቃ 25 ጊዜ ያህል ብቻ ይረግጣል ማለት ነው። ይህ ጉልበትን የሚጎዳና ብስክሌቱን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ አረጋገጥ ነው። በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 60 ጊዜ ለመርገጥ የፊቱና የኋላው ጥርስ ቁጥር ተቀራራቢ የሆነበት ማርሽ ያስፈልጋል። ማርሽ የሌለውን ብስክሌት ከጉዞው ማገድ ብዙውን የአካባቢው ወጣት ማገድ ስለሚሆን ተገቢ አይመስልም። ከዚያ ይልቅ በቀጥ ያለው ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት የተፈቀደ መሆኑን ደንቡ በግልጽ ሊናገር ይገባል።

ዳገት ያደክማል እንጂ ብዙም አይገድልም፤ ከፍተኛው አደጋ ያለው በቁልቁለት ነው። በስድስት በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ ፊቱ ላሚቱን ቢያይ እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ በዚህች ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ሆኖ በጠፍጣፋ ቦታ የመሬት ስበትን ፍጥንጥነት ግማሽ ያህል ማቀዝቀዝ የሚችል ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው በ36 ሜትር ገደማ ነው። ቸርኬውና የፍሬኑ ጎማ ረጥበው አቅሙ በግማሽ ቢቀንስ ርቀቱ ወደ 66 ሜትር ይደርሳል። ተዳፋቱ የቀረውን አቅም ስለሚበላው ርቀቱ ፍሬኑ ከቀነሰበት መጠን ጋር ተመጣጥኖ አይጨምርም፤ ፍሬኑ በግማሽ ሲደክም ከፍሬን መያዝ በኋላ ያለው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በዝናብ ፍጥነቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን ጠቅላላው ርቀት 27 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደን በበዛበት በዚህ መንገድ ኩርባው የሚያሳየው ርቀት ከ66 ሜትር ሊያንስ ስለሚችል፣ የዝናብ ፍጥነት ገደብ የአዘጋጆች ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የስሌት ውጤት ነው።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 450 ሜትር ሲወርድ ከ370 ሺህ ጁል በላይ ጉልበት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ይህ ሁሉ በሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ውስጥ ቢቀር፣ አንድ ኪሎ የሚሆነው ብረት ከ400 ዲግሪ በላይ ይሞቅ ነበር። በተግባር አብዛኛውን ነፋሱ ይወስደዋል፣ ጉዞውም ረጅም ስለሆነ ሙቀቱ ይበተናል። ነገር ግን ፍሬኑን ሳይለቅ ቁልቁለቱን ሁሉ እየጎተተ የሚወርድ ጀማሪ የነፋሱን ድርሻ ቀንሶ የቸርኬውን ድርሻ ያበዛል፤ የውስጥ ጎማው የሚፈነዳውም በዚህ ጊዜ ነው። ትክክለኛው አሠራር ከኩርባ በፊት በሁለቱም ፍሬኖች ጠንከር አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ በኩርባው ውስጥ መልቀቅ ነው። ብዙ ጀማሪዎች እንዳይገለበጡ በመፍራት የፊቱን ፍሬን አይነኩትም። ክብደቱ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ስለሚሸጋገር ዋናው የማቆም አቅም ያለው ግን እዚያው ነው።

ሄልሜትን በተመለከተ የባለሙያዎቹ ታሪክ አስተማሪ ነው። ካዛክስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በፓሪስ–ኒስ ውድድር ያለ ሄልሜት ወድቆ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በዚያው ዓመት ሄልሜትን አስገዳጅ አደረገ። በመጀመሪያ ውድድሩ የሚያበቃበትን ረጅም ዳገት ለሚወጡ ሰዎች ማውለቅ ተፈቅዶ ነበር፤ ይህ ፈቃድ ቆየት ብሎ ተነሣ። በመቱ መንገድ እንዲህ ያለ ፈቃድ የበለጠ አደገኛ ይሆናል፤ ዳገቱ በቁልቁለት እየተቆራረጠ ስለሆነ የወለቀው ሄልሜት መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሄልሜት ብቻውን እንደማይበቃም የስዊዘርላንዱ ጂኖ ሜደር ሞት ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በአልቡላ ቁልቁለት የወደቀው ሄልሜት እንዳጠለቀ ነበር።

ከዚህ በመነሣት በዚህ መስመር ላይ ለሚታሰብ ጉዞ ዋናው ጥያቄ ሰዓቱ የት ይቆማል የሚለው ነው። የመድረሻው መስመር መቱ ላይ ቢሆን ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ነጋዴውም ይጠቀማል፤ ነገር ግን ፉክክሩ እጅግ አደገኛ በሆነው ክፍል ላይ ይፈጸማል። ጉዞው ከመቱ ተነሥቶ ጎሬ ላይ ቢያበቃ የመጨረሻው ጥረት በአብዛኛው በዳገት ላይ ይሆናል። በመካከል ያሉት ቁልቁለቶችም ከሰዓት ቆጠራ ውጭ ሊደረጉ ይችላሉ፤ በቁልቁለቱ ራስና ግርጌ ሁለት ሰዓት መዝጋቢዎች ቆመው የወረደበትን ጊዜ ከጠቅላላው ይቀንሳሉ። ይህ ሲሆን በፍጥነት የወረደ ሰው የሚያተርፈው ነገር አይኖርም። ደንብ አስከባሪ በየኩርባው ማቆም ለማይችል አዘጋጅ ከዚህ የረከሰ መከላከያ ማግኘት ያስቸግራል።

የቀሩት ደንቦች ከዚህ ይከተላሉ። ተሳታፊዎች ከሃያ በማይበልጡ ቡድኖች በየአምስት ደቂቃው ይነሣሉ፤ የመንገዱን መሃል መስመር የተሻገረ ይሰረዛል፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የቀረውን ከኋላ የሚከተለው መኪና ያነሣዋል። የትራፊክ ፖሊስ መንገዱን የሚዘጋው ቡድኑ በሚያልፍበት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ አምቡላንስ ከኋላ ይከተላል፣ ሌላው በመንገዱ አጋማሽ ይቆማል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል የሚወሰደው ብስክሌተኞቹ በሚወጡበት አቅጣጫ ተቃራኒ በመሆኑ ለአምቡላንሱ የመንገዱ ግራ ጎን ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት። ምዝገባው የሚጸናው ከዋዜማው ምርመራ በኋላ ነው፦ መርማሪው የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊት ይገፋል፣ የኋላ ጎማው ከመሬት ካልተነሣ ፍሬኑ ተስተካክሎ እንዲመለስ ይደረጋል። ከጎሬ ወደ መቱ የሚመለሱት ብስክሌቶችም በጭነት መኪና ይጫናሉ፤ በብስክሌቱ መመለስ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ከደረቱ ፈቶ ለአዘጋጁ ያስረክባል።