ጠመንጃውን አስቀምጦ ብዕር ያነሣው ወታደር

በገበያ ቀን ወሬ ይበዛል። አንዱ «እንዲህ ሆነ» ይላል። ሌላው «የለም፣ እንዲያ ነው» ይላል። እናንተም «አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ወሬው የጦርነት ሲሆን ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ቦታው ሩቅ ነው። ያየው ሰው ጥቂት ነው። የሚዋጉትም ሁሉ «እያሸነፍን ነው» ይላሉ። ታዲያ እውነቱን ማን ይንገረን?

ዛሬ የምንነግራችሁ በርናርድ ፎል ስለሚባል ሰው ነው። መጀመሪያ ወታደር ነበር። በኋላ መምህርና የጦርነት ጸሐፊ ሆነ። ጦርነቱ ወዳለበት ቦታ ሄዶ፣ በዓይኑ ያየውን ጽፎ ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር።

በ16 ዓመቱ አርበኛ

በርናርድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 በኦስትሪያ አገር፣ በቪየና ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ አይሁድ ነበሩ። በ1938 የጀርመን ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። ቤተሰቡም ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ናዚዎቹ ግን ፈረንሳይንም ወረሩ። አባቱን ገደሉት። እናቱን አግዘው ወሰዷት፤ ከሄደችበት አልተመለሰችም።

ልጁ ገና በ16 ዓመቱ ከፈረንሳይ አርበኞች ጋር ተሰለፈ። በኛ አገር በጣሊያን ጊዜ ዱር ቤቴ ያሉትን አባቶች አስቡ። ቀጥሎም በፈረንሳይ ጦር ውስጥ እስከ 1946 አገለገለ። ስለዚህ ጦርነትን ከመጽሐፍ አልተማረም።

የግብር መዝገቡ የተናገረው

በ1953 በርናርድ ለትምህርቱ ጥናት ወደ ቪየትናም ሄደ። ቪየትናም በእስያ ያለች አገር ናት። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝቧ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ነበር። አገሪቱን ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ይዘዋታል። ቪየት ሚን የሚባሉት ታጋዮች ደግሞ ነጻ ሊያወጧት ይዋጋሉ።

በርናርድ የፈረንሳይ ዜጋና የቀድሞ ወታደር ነው። ስለዚህ ከወታደሮቹ ጋር እንዲጓዝ ተፈቀደለት። የጦር አዛዦቹ ካርታ ዘርግተው አሳዩት። ካርታ ማለት የአገር ሥዕል ነው። «ይህ መንደር የኛ ነው፤ ያም የኛ ነው» አሉት። በካርታው መሠረት በሰሜን በኩል ያለው የሩዝ ሜዳ አብዛኛው በፈረንሳዮች እጅ ነበር።

እሱ ግን ወታደር ነበርና የአዛዥ ቃል ብቻውን አልበቃውም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሃኖይ ከተማ ወደሚገኙት የመንግሥት ቢሮዎች ሄዶ ሁለት መዝገብ ጠየቀ። አንደኛው የግብር መዝገብ ነው። ሁለተኛው መምህራን የተመደቡበት መዝገብ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። መንግሥት በእርግጥ የሚያስተዳድረው መንደር ግብር ይከፍላል። አስተማሪም ይላክለታል። ግብር የማይገባበት፣ አስተማሪ የማይደርስበት መንደር ግን በካርታ ላይ በምንም ቀለም ቢቀባ በሌላ እጅ ነው።

በርናርድ መዝገቡን ከካርታው ጋር አስተያየ። «የኛ ናቸው» ከተባሉት መንደሮች ከግማሽ የሚበልጡት በእርግጥ በቪየት ሚን እጅ ሆነው አገኛቸው። ጄኔራሎቹ ያላዩትን እውነት የግብር መዝገብ ተናገረ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1954፣ ፈረንሳዮች ዲየን ቢየን ፉ በሚባል ቦታ ድል ሆኑ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በካርታ ላይ ያለ ስሕተት የወረቀት ስሕተት ብቻ አይደለም። በተሳሳተ ካርታ ወታደር ወደ ሞት ይላካል። ምንም የማያውቅ ገበሬ ቤቱ ይቃጠልበታል።

ከአውሮፕላን ላይ ያየው

ፈረንሳዮች ከወጡ በኋላ በቪየትናም አሜሪካኖች ገቡ። በርናርድ በዚህ ጊዜ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ መምህር ነበር። ከማስተማሩ ጎን እየተመላለሰ ስለ ጦርነቱ ይጽፍ ነበር። በ1962 ወደ ሰሜኑ ክፍል ሄዶ የሌላውን ወገን መሪ ሆ ቺ ሚንን አነጋገረ። የሁለቱንም ወገን መስማት አለብኝ ይል ነበርና።

በ1965 በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ተሳፍሮ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናፓልም በሚባል የሚያቃጥል ቦምብ ሲደበደብ አየ። ስላየውም ጻፈ። ስንት ሰው እንደ ሞተ ለማወቅ አስቸጋሪ መሆኑን ገለጸ። ከሞቱት መካከል ታጣቂ ይኑር አይኑርም መለየት እንደማይቻል ጻፈ። «ይህን ያህል ጠላት ተደመሰሰ» ብሎ መጻፍ ለሱ ቀላል ነበር። ያላየውን ግን አልጻፈም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሁሉን አያስደስትም። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ስለላም ይከታተለው ነበር።

ደስታ የሌለው መንገድ

በቪየትናም የባሕር ዳርቻ፣ ከሁዌ ከተማ በስተሰሜን አንድ መንገድ አለ። የፈረንሳይ ወታደሮች ብዙ ጓደኞቻቸው ስላለቁበት «ደስታ የሌለው መንገድ» አሉት። በ1953 ፈረንሳዮች ብዙ ሺህ ጦር አሰልፈው አካባቢውን ሊያጸዱ ሞከሩ። አብዛኞቹ ታጋዮች ግን ሾልከው አመለጡ። በርናርድ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ጽፏል። የመጽሐፉም ስም የመንገዱ ስም ነው።

በየካቲት 1967 በርናርድ ወደዚያው መንገድ ተመለሰ። አሁን በመንገዱ ላይ ያሉት አሜሪካኖች ናቸው። እሱም ከወታደሮቹ ጋር በእግሩ እየሄደ የሚያየውን በድምፅ መቅረጫ ቴፕ ይናገራል። ቀኑ መሽቶ ወደ ማታ ሲጠጋ «ነገሩ አላማረኝም» የሚል አሳብ መናገር ጀመረ። ቃሉን ሳይጨርስ ድምፁ ተቋረጠ። የተቀበረ ፈንጂ ተረግጦ ነበር። በርናርድ ፎል በ40 ዓመቱ በዚያው ሞተ። ሚስቱንና ሦስት ሴት ልጆቹን ትቶ ሄደ። ቴፑ ግን ተረፈ።

ውድ አንባቢዎች፣ «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ወሬን ከአፍ ብቻ ሳይሆን ከጋዜጣም ትቀበላላችሁ። ጋዜጣም ቢሆን ሰው ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በገበያ የምትጠይቁትን ጥያቄ እዚህም አትተዉት።

ለውይይት

1. የቀበሌያችሁ መዝገብ ስለ ቀበሌያችሁ ምን ምን ይናገራል?
2. በርናርድ የአዛዦቹን ቃል ሳይቀበል መዝገቡን የጠየቀው ለምንድን ነው?
3. ስለ ጦርነት የተጻፈ ነገር ስታነቡ፣ ጸሐፊው ያየውን ከሰማው እንዴት ትለያላችሁ?