በ12 ሲገደፍ የሚወጣ ፊት

ስክሪን ላይ አንድ ክብ አስቀምጥ። በውስጡ ሁለት ነጠብጣብ፣ በመካከላቸው ወደ ታች የወረደ አንድ መስመር ጨምር። ፊት ሆነ። መስመሩን አጥፋው፤ አሁንም ፊት ነው። ክቡን በአራት ማዕዘን ለውጠው፤ አሁንም ያይሃል። ከሁለቱ ነጠብጣቦች አንዱን ስታነሳ ግን የሚያይህ ነገር የለም፤ የቀረው ተራ ቅርጽ ነው።

ደንብ ጽፎ ኮምፒውተሩ ሥዕል እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እኔን የያዘኝ ምክንያቱ ነበር። ከሁሉ ነገር ተለይተው ዓይኖች ብቻ ለምን ይበቃሉ?

የመጀመሪያው ፍንጭ ከማሽን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፖል ቫዮላና ማይክል ጆንስ ፎቶ ውስጥ ፊት ፈልጎ የሚያገኝ ፈጣን ዘዴ ይፋ አድርገው ነበር። መሣሪያቸው ጎን ለጎን የተቀመጡ አራት ማዕዘኖች ነበሩ፤ ፕሮግራሙ የአንዱን ጥቁረት ከሌላው ጋር ያነጻጽራል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የትኛው ንጽጽር እንደሚጠቅም ማንም አልነገረውም፤ ከምሳሌዎች ራሱ መረጠ። በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው የዓይን አካባቢ ከጉንጭና ከአፍንጫ ይልቅ መጥቆሩን ነው። ቀጥሎ የመረጠውም ዓይኖቹ በመካከላቸው ካለው የአፍንጫ አጥንት መጥቆራቸውን ነው። አፍ ከሁለቱም ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት ደግሞ ከተወለዱ ደቂቃዎች ብቻ የሆናቸው ሕፃናት በፊት ቅርጽ የተሠራ ሥዕልን፣ ክፍሎቹ ከተዘበራረቁበት ሥዕል ይበልጥ በዓይናቸው እንደሚከተሉ አሳይቶ ነበር። ማሽኑ የተማረውን ሕፃኑ ይዞት የተወለደ ይመስላል።

ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ነው አንድ ቀን ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት የወረድኩት። ከመንገዱ ዳር ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ ባንኮኒ ላይ የብራና ክታብ ተዘርግቷል። ስፋቱ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ርዝመቱ የቆመ ሰው ያህላል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ ስሞቹ በቀይ ተጽፈዋል። በጽሑፉ መካከል አንድ አራት ማዕዘን አለ፤ በውስጡ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፤ በኮከቡ እምብርት ሁለት ክብ ዓይኖችና አንድ የአፍንጫ መስመር። አፍ የለውም፣ ጆሮ የለውም። በኮከቡ ጫፎች መካከል በተረፉት ቦታዎችም ዓይኖች ተስለዋል። የኔ ስክሪን ላይ ያለው ነገር ከኔ በፊት፣ ከኮምፒውተርም በፊት፣ በቀለምና በመቃ ብዕር ተሠርቶ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ ስንት ብራና ጭኖ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያው ንጉሥ አደባባይ ግርጌ ብራና ለገበያ ተዘርግቶ ሲያይ ያዝናል። እኔም አዘንኩ፤ ግን ቆሜ አየሁት።

ጠልሰም የሚባለውን ይህን ሥዕል በሰፊው ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ ሜርሲዬ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ታተመ፤ በ1992 ፓሪስ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕልና ሕክምና ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተዘጋጀ። ከሜርሲዬ ጽሑፎች እንደተረዳሁት፣ ክታቡን በሚጽፈው ደብተራ ዘንድ የሚያሠቃየው መንፈስ በበሽተኛው ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ክታቡ በበሽተኛው ፊት ሲዘረጋ መንፈሱ ከጠልሰሙ ዓይኖች ጋር ይፋጠጣል፣ ደንግጦም ይሸሻል። ሥዕሉ ጌጥ አይደለም፤ ሥራው ማየት ነው። ለማየት ደግሞ አፍና ጆሮ አያስፈልግም። ደብተራው የተዋቸው ሁሉ ለሥራው የማይጠቅሙ ነበሩ። የብራናው ርዝመትም ከባለቤቱ ቁመት ጋር የሚለካው ጥበቃው ከራስ እስከ እግር እንዲደርስ ነው።

ባለሱቁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ይሄ የማን ነበር?» ስላቸው ጣታቸውን በቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ፣ በሌላ እጅ የአንዲት ሴት የክርስትና ስም ተተክቶበታል።

«ለመሆኑ ደብተራው ለማን ምን እንደሚስል በምን ያውቃል?»

«ኮከቡን ቆጥሮ ነዋ ልጄ። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ይቆጥራል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ይደምርና በ12 ይገድፋል። የተረፈው ኮከቡ ነው። መድኃኒቱም ጠልሰሙም ከዚያ ይወጣል።»

ደነገጥኩ። አካፍሎ ቀሪውን መያዝ እኔ በየቀኑ የምጽፈው የፕሮግራም መስመር ነው። ዘፈቀደ የሚመስል ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ ምርጫ ስንፈልግ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ስም ይገባል፣ ቁጥር ይሆናል፣ ቀሪው ሥዕሉን ይመርጣል። በደንብ የሚመነጭ ሥዕል ታሪክ ሲጻፍ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ የኮምፒውተር ሥዕሎች ይጀመራል። ከክብና ከኮከብ፣ በቁጥር ተመርቶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ፊት ያወጣው ደብተራ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የኛ ሠዓሊዎች ይህን አልረሱም፤ የዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ላይ ሥዕሎች ከክታብ ጋር ያላቸው ዝምድና ለዓይን ግልጽ ነው።

ፕሮግራሜን ከሥሩ ቀየርኩት። ድሮ ፊቶቹን በዕጣ ያወጣ ነበር። አሁን ስምና የእናት ስም ይጠይቃል፤ ፊደላቱን ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፤ ቀሪው የኮከቡን ጫፎች ብዛትና የዓይኖቹን ርቀት ይወስናል። የሰውየውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ካስገባህለት ወረቀቱን በዚያው ልክ ያትመዋል። የኔን አትሜ በሩ ላይ ስሰቅለው ከጉበኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወለሉን ነካ፤ በላዩም ከላይ እስከ ታች ዓይኖች ነበሩ።