ያውቁ ኖሯል? አሮጌ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ይጨሳል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ግን የአየሩን መሳሳት አይለይም፣ ቤንዚኑን አብዝቶ ይቀዳል። ትርፉ ጥቁር ጭስና ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሆኖ ይወጣል። በማለዳው ብርድ ጋራዥ ዘግተው ሞተር አያሙቁ፤ ይገድላል።

በእነዚሁ አሮጌ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ «አታስፈልግም» ተብላ የምትደፈን አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እኔን በጣም የምታሳዝነኝ እሷ ናት። በፒስተን ፋሻ ሾልኮ ወደ ዘይት ቋቱ የሚወርደውን ጋዝ ወደ ሞተሩ መልሳ ታስቃጥላለች። ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገቻት፣ ከመኪና ብክለት መከላከያዎች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። ስትደፈን ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ዘይቱን በየመጋጠሚያው እየገፋ ያፈሰዋል፣ ቀሪውንም ቶሎ ያበላሸዋል። ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና ካለዎት፣ «ሞተሩ አርጅቷል» ተብሎ ከመፈታቱ በፊት ይህችን ቫልቭ ያስጸዱ፤ ካልሠራችም ያስቀይሩ።