በልጄ ጆሮ ውስጥ ያለው ውድ ዕቃ

እኛ ቤት «አቤት» የሚል ሰው ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። የ16 ዓመት ልጄን ለምሳ ስጠራው መልስ የለም። ክፍሉ ገብቼ ትከሻውን ስነካው ይደነግጥና ከጆሮው ትንሽ ነጭ ነገር ያወጣል። መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ መስሎኝ እቆጣ ነበር። ለካ ልጁ እውነትም አይሰማኝም።

ዕቃውን የላከችለት ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ናት። ዋጋውን ስትነግረኝ ክው አልኩ። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ከካሴት ማጫወቻ ጋር የሚመጣውን ባለ ገመድ ማዳመጫ ነው፤ ሲበላሽ ከመርካቶ ሌላ ይገዛል።

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ጥሩ ማዳመጫ ድሮ የመድረክ ሙዚቀኞች ዕቃ ነበር። ጄሪ ሃርቪ የተባለው የድምፅ ባለሙያ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን የሠራው ይጠቀሳል፤ ከበሮ መቺው በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የራሱን ሙዚቃ መስማት ነበረበት። ወደ ተራው ሰው ኪስ የገባው ኋላ ነው። አፕል በ2016 መጨረሻ ገመድ አልባውን ኤርፖድስ በ159 ዶላር፣ በ2019 ደግሞ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋውን ኤርፖድስ ፕሮ በ249 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ሶኒም ሳምሰንግም ቦዝም ይህን መሰል ዕቃ ይሠራሉ። በላዩ ያሉት ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የውጭውን ጫጫታ ይቀበሉና መሣሪያው ተቃራኒ የድምፅ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ለአውቶቡስ ሞተር ግሩም ነው። መንገድ ለሚያቋርጥ ልጅ ግን ያስፈራኛል፤ ከቤት ሲወጣ አንዱን ጆሮ እንዲያወጣ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት የግራው ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ደረሰ። አንድ የስልክ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው አገላብጦ አየና «ውስጡ ተቃጥሏል፤ ከፍተን እንሞክር» ብሎ ደህና ገንዘብ ጠራ። ልጄ እንቢ አለና ማታ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት በስልኩ ጻፈ። መጀመሪያ የጠየቁት የዕቃውን መለያ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን አሳቀኝ፤ «መረቡን አጽድተኸዋል ወይ?» የሚል። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልን ጠረግነው። የወጣውን የጆሮ ኩክ ባልናገር ይሻላል። ድምፁ ተመለሰ። ብንከፍተው ኖሮ አለቀለት፤ እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ በማጣበቂያ የታሸጉ ናቸው።

እውነት ተበላሽቶ ቢሆንስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው ከተገዛበት አገር ጋር የተያያዘ ነው። አፕል እዚህ አገር የራሱ መደብር የለውም። ስለዚህ ተጓዥ ፈልጎ መላክ፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። የአንዱ ጎን ብቻ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር አንዳንድ አምራቾች ያንን ብቻ ለይተው ይሸጣሉ፤ ሙሉውን ከመግዛት ይረክሳል። ባትሪው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድከሙ አይቀርም፤ እንደ ድሮው ሬዲዮ ከሱቅ ድንጋይ ገዝቶ መቀየር የለም።

ጎረቤቴ የገጠማት ደግሞ ሌላ ነው። ለልጇ ልደት እዚሁ ከተማ «ኦሪጅናል» ተብሎ የገዛችው በአሥር ቀኑ ቻርጅ አልቀበልም አለ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳያት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እሷ ግን ደረሰኝ አልተቀበለችም፤ ያለ ደረሰኝ በምን ታስረዳ? መለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ብናስገባ አይታወቅም አለን፤ ፎርጂድ ነው። ደግሞ ቁጥሩ ቢታወቅም ልብ አይጣል፤ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥር ገልብጠው የሚያትሙም አሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጆሮው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ከ80 ዴሲቤል ሳያልፍ ማዳመጥን እንደ ወሰን አስቀምጧል። ድምፁ 90 ሲደርስ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ለልጆች ወሰኑ 75 ዴሲቤል ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች የማዳመጫ ድምፅ ከተወሰነ በላይ እንዳይወጣ ማድረግ ያስችላሉ። እኛ ቤት ይህ የተደረገው ከሁለት ቀን ኩርፊያ በኋላ ነው።

አያቶችን የሚመለከት ወሬም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2024 የሁለተኛውን ትውልድ ኤርፖድስ ፕሮ መለስተኛና መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች እንደ መስሚያ መርጃ የሚያሠራ ሶፍትዌር ፈቅዷል። ሐኪም አይተካም። እናቴንም አስቀድመን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ከዚያ አንድ እሑድ ልጄ ጫፎቹን አጥቦ አያቱ ጆሮ ውስጥ አደረገና የውጭውን ድምፅ አጉልቶ የሚያስገባውን ከፈተላት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና ወደ ግድግዳው ዞራ «ይሄ ሰዓት ይህን ያህል ይጮሃል እንዴ?» አለች።

አሁን ልጄ ማዳመጫውን ሲያጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው።