ፍል ውሃውና ኪኒኑ

ስለ ከርሰ ምድር ውሃ በተማርንበት ሰሞን መምህራችን "ከእናንተ መካከል ፍል ውሃ ገብቶ የሚያውቅ አለ?" ብለው ሲጠይቁ እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። "እንዴት ነው ታዲያ?" ሲሉኝ ግን "ጥሩ ነው" ብዬ ዝም አልኩ። ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ አልነበረምና ነው። ያን ቀን ሳልናገር የቀረሁትን እነሆ ዛሬ ልጻፈው።

ከመካነ ብርሃን እስከ ፍልውሃ

ተወልጄ ያደግሁት በስሜን፣ በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ከተማ ነው። ከደባርቅ ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቧሂት አናት በኩል ይሻገራል። ብርዱን እዚያ ያላደረ ሰው አያውቀውም። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን። በዚያ ብርድ እንስራና ጋን ስታጥብ ኖራ ጉልበቷን ቁርጥማት ያዛት። ሐኪም ሲያያት ደግሞ የደም ግፊት ተገኘባትና በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንደተፈተንኩ፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ "ይዘሻት ነይ፣ ፍልውሃ ትግባ" ብላ ደወለች። ሄድን። ቲኬት ቆርጠን፣ ቁጥራችን እስኪጠራ ከብዙ ሰው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ እናቶች፣ ለመታጠብ ብቻ የመጡ ወጣቶችም ነበሩ። ተራችን ሲደርስ ገንዳ ያለበት ትንሽ ክፍል ተሰጠን። የፍሉን ቧንቧ ስከፍተው ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ። እናቴ እስከ አንገቷ ገብታ "እሰይ! እሰይ!" አለች። ውጪ ስትላት "ትንሽ ቆዪ" እያለች ረጅም ሰዓት ቆየች። በመጨረሻ ድንገት ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመባትና እኔ ላይ ተደገፈች። እንደምንም አስቀመጥኳት።

ስንወጣ አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ እናት "ምን ሆነሽ ነው እህቴ?" አሏት። ነገረቻቸው። "ኪኒን ትውጫለሽ? እሱ ነዋ! ኪኒንና ፍል ውሃ አይስማሙም። አንዱን ተዪ" አሏት። በሦስተኛው ቀን የጉልበቷ ሕመም ቀለል አለላት። እሷም "ውሃው ሽሮልኛል" አለችና ኪኒኑን ተወችው። እኔም ደስ አለኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል?

መስከረም ላይ፣ መካነ ብርሃን ከተመለስን በኋላ፣ አንድ ሌሊት ራሷን ይዛ ጮኸች። ዓይኔ ብዥ አለብኝ አለች። በተገኘው መኪና፣ በዚያ ብርድ ቧሂትን አቋርጠን ደባርቅ አደረስናት። ሲስተሯ ግፊቷን ለክታ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያቋረጥሽው?" ስትላት እናቴ መልስ አልነበራትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። "ለምን እንዲህ ሆነ?" የሚለው ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጣ።

ለመሆኑ ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን ፍል ውሃ ከምድር እሳት በቀጥታ የሚወጣ ይመስለናል። ነገር ግን ውሃው መጀመሪያ ዝናብ ነበር። አዲስ አበባን ብንወስድ፣ በእንጦጦና በአካባቢው ከፍታ ላይ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል። ወደ መሬት ውስጥ በገባን ቁጥር ሙቀት ይጨምራል፤ በተለመደ ቦታ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ከዚያ በላይ። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። በጥልቀት የሞቀው ውሃ ጂኦሎጂስቶች የፍልውሃ ፎልት በሚሉት ትልቅ ስብራት በኩል መንገድ አግኝቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ሳይቀዘቅዝ ገላ አይነካም።

ፊንፊኔ የሚለው የኦሮምኛ ስምም ከዚሁ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ሳለ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃው ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በዚያው አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማችን በአንድ በኩል የፍል ውሃ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

የእኛስ ስሜን? የስሜን ተራራ ራሱ እሳተ ገሞራ አልነበረም ወይ? ነበር። ባዛልቱ የተከመረው ግን ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ያህል ዘመን ያለፈው ምድጃ ፍሙ ከጠፋ ቆይቷል። ለዚህ ነው እሳት በሠራው ተራራ ላይ እየኖርን በብርድ ውሃ የምንቆራመደው። ለእኛ ቀረብ የሚለው ስመ ጥር ፍል ውሃ በደቡብ ጎንደር፣ በጣና ተፋሰስ ያለው ዋንዛዬ ነው። ደቡብ ስንወርድ ሶደሬና ወንዶ ገነት አሉ።

ገላችን ውስጥስ ምን ይሠራል?

አንደኛ፣ ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል። ሁለተኛ፣ ውሃ ወደ ላይ ስለሚገፋን ጉልበት የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። እናቴ "ሽሮልኛል" ያለችው ውሸት አልነበረም፤ ሕመሙ በእርግጥ ቀሎላታል። ይሁን እንጂ ያለቀ መገጣጠሚያ በሙቀት አይተካም። ማስታገስና መፈወስ ይለያያሉ። በፍል ውሃ ባህላቸው የታወቁት ጃፓኖችና ሃንጋሪዎችም ቢሆኑ ገንዳውን ለእረፍትና ከሕክምና ጎን ለጎን ነው የሚጠቀሙበት።

አሁን ወደዚያች እናት ምክር እንመለስ። ግማሹ እውነት ነበር። የደም ሥር በሙቀት ሲሰፋ ግፊት ይወርዳል። የግፊት ኪኒንም ግፊት ያወርዳል። ሁለቱ ሲደመሩና ሰው ድንገት ብድግ ሲል ለአንጎል የሚደርሰው ደም ለጊዜው ያንሳል፣ ዓይን ይጨልማል። ስህተቱ መፍትሔው ላይ ነው። የውሃው ሥራ ከገንዳው ከወጡ በኋላ ብዙም አይቆይም፤ የደም ግፊት በሽታ ግን ሌት ተቀን አብሮን ይኖራል። ስለዚህ መቀነስ የነበረበት የውሃው ሙቀትና የምንቆይበት ጊዜ እንጂ ኪኒኑ አልነበረም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ፍል ውሃ አትሂዱ አልልም። እኔ የምለው አውቃችሁ ሂዱ ነው። የግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ውሃው ገላ የሚያሞቅ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን፤ ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ስትነሡ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ከመግባታችሁ በፊትና ከወጣችሁ በኋላ የሚጠጣ ውሃ ጠጡ። ፍል ውሃውን ግን ለመድኃኒት ብላችሁ አትጠጡት። በጥልቀት ሲጓዝ ከዓለቱ ማዕድን ይሟሟበታል፤ ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ያላቸው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል፣ አጥንትንም ይጎዳል። ከሁሉም በላይ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በወረፋ ላይ ወሬ አታቋርጡ።

እናቴ ዛሬ ደህና ናት። ማታ ማታ ጉልበቷን በሳፋ ሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች፣ ኪኒኗንም ትውጣለች። በቅርቡ ስደውልላት "ዋንዛዬ መቼ ነው የምትወስጂኝ?" አለችኝ። "ኪኒንሽን ይዘሽ ከሆነ፣ ለእረፍት ስመጣ" አልኳት። ሳቀችና "ኧረ እይዛለሁ! ሲስተሯ ያኔ የተቆጣችኝን ረሳሁት እንዴ?" አለች።